ተክሌ ሰፊው፦ ይላላ ወይስ ይጠብቅ?

እኔ ስለ ዘፈን የማውቀው ነገር ቢኖር ሲዘፈን ዝም ማለትን ነው። ተማሪ ሳለሁ በሰንደቅ ዓላማ መዝሙር ላይ እንኳ አስተማሪያችን "አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ" ብለውኝ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ አፌን ብቻ እያንቀሳቀስኩ ኖሬያለሁ። ባለቤቴ አልማዝም በሠርጋችን ዕለት ሳጨበጭብ አይታ "ይሄ ሰው ትንኝ ነው የሚገድለው?" ማለቷን እስከ ዛሬ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታወራለች። እንግዲህ ለእድራችን ዘፈን እንዲደርስ የተመረጠው ይህ ሰው ነው። "የተመረጠው" ስል የሚታዘበኝ አይጠፋምና እውነቱን ልናገር። ማንም አልመረጠኝም። እጄን ያወጣሁት ራሴ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖረው ጎረቤላ ነው፤ አንኮበር እሄዳለሁ ብላችሁ ስትሳፈሩ ሚኒባሱ የሚያወርዳችሁ ከተማ ማለት ነው። እድራችን ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሆነና "ይከበር" ተባለ። እድር የተቋቋመው ለልቅሶ ነው። ለልቅሶ የተሰበሰበ ሰው ድንገት ተነስቶ "ልደቴን ላክብር" ሲል፣ ማልቀስ ይሁን መሳቅ የሚገባው ለጊዜው ግራ ያጋባል። ቢሆንም አሮጌው የሸራ ድንኳን ጡረታ ወጥቶ ባለ ብረት ምሰሶ አዲስ ድንኳን ሊመረቅ ስለሆነ፣ ንግግርም ምሳም ዘፈንም እንዲኖር ተወሰነ።

ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ዘፋኝ ተጠየቀ፤ በዚያ ሰሞን ሠርግ በሠርግ ላይ ተደርቦበት ኖሮ አልቻለም። የእድሩ ዳኛ ጋሽ በቀለ አዘኑ። ያን ጊዜ ነው እኔ የእድሩ ጸሐፊ፣ ምላሴን አንድ ነገር ይብላውና፣ "ኤ አይ እያለ ዘፋኝ ምን ያደርግልናል? አምስት ደቂቃ አይፈጅም!" ያልኩት።

"ኤ አይ የማን ልጅ ነው?" አሉ ጋሽ ሰይድ። ጋሽ ሰይድ ከአልዩ አምባ ወጥተው እዚህ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ናቸው፤ የእድሩ ንብረት ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው።

"የማንም አይደለም ጋሼ። በስልክ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ዘፈን ሥራልኝ ሲሉት ይሠራል።"

"አባት እናት የሌለው ነው የሚዘፍንልን? እንግዲህ አላህ ይሁነን" አሉና ተስማሙ።

ስብሰባው ተበትኖ ስወጣ በር ላይ እትዬ አሰገደች ቆመው ጠበቁኝ። እትዬ አሰገደች የተክሌ ሰፊው ሚስት ናቸው። ጋሽ ተክሌ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ያንን አሮጌ ድንኳን፣ ሸራው ወፍሮ የስፌት መኪናው እምቢ ሲላቸው፣ በእጅ መርፌ አንድ ክረምት ሙሉ ሰፍተው ለእድሩ በነጻ የሰጡት እሳቸው ናቸው። ሰውነታቸው እጅግ ቀጭን ከመሆኑ የተነሳ ንፋስ ሲነሳ "ድንኳኑን ተዉት፣ ተክሌን በካስማ እሰሩት" እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። ሲሞቱም በሰፉት ድንኳን ውስጥ ተለቀሰላቸው።

"አንተ ልጅ፣ እውነት ዘፈኑን አንተ ነህ የምትሠራው?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ እትዬ።"

"እንግዲያው የሳቸውን ስም ታስገባልኛለህ? ድንኳኑ ሊወርድ ነው አሉ። ይውረድ፣ አርጅቷል፤ እኔስ መች ቀረሁ። ልጅ አልወለድን። ስማቸውን የሚያስጠራልኝ ያ ሸራ ብቻ ነበር፣ እሱም በልቅሶ ቤት። አንድ ቀን፣ ሰው ለደስታ ተሰብስቦ ስማቸውን ሲጠራ ልስማ። ሌላ አላስቸግርህም።"

"ይሄማ ምን ችግር አለው እትዬ! እንደውም ዋናው ነገር እሱ ነው" አልኩ በልበ ሙሉነት። እኔ ጉልበታቸውን ልስም የሚገባኝ ሴት፣ ጎንበስ ብለው እጄን ሊስሙ ሲሉ ነው የደነገጥኩት። ያን ጊዜ ነገሩ ጨዋታ አለመሆኑ ትንሽ ገባኝ። ትንሽ ብቻ።

ቤቴ ገብቼ ማሽኑን "ለእድራችን የሃምሳ ዓመት በዓል አስደሳች ግጥም ጻፍልኝ" አልኩት። ጣቴን ከስልኩ ሳላነሳ ጽፎ አስረከበኝ፦

"እድራችን እድራችን ሥራሽ ይብዛልሽ፣
ክረምት ከበጋ ድንኳንሽ አይታጠፍብሽ፣
ተራ በተራ ሁላችን እንምጣልሽ!"

ይቅር ይበለኝ፣ ወደድኩት። ቤት ይመታል፣ ምርቃት አለው፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? እዚያው ለጋሽ በቀለ ደውዬ ድምፄን አሳምሬ አነበብኩላቸው። 

"ይሄን ያለው ማን ነው?" አሉ ጋሽ በቀለ።

"ማሽኑ ነው።"

"ምን በደልነው?"

ከኋላዬ ሆና የሰማችው አልማዝ ሦስት ጊዜ አማተበች። "አንተ፣ የእድር ሥራ ምን ሆነና ነው የሚበዛው? ድንኳኑ ካልታጠፈ ሰፈሩ አለቀ ማለት አይደለም እንዴ? ተራ በተራ እንምጣልሽ! ደግሞ ተራ ይዞልናል! እድርን የሚመርቁት 'ሥራ ፍታ' ብለው ነው። ይሄን ያላወቀ ነገር ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው አስተውሎቱ የቱ ጋ ነው?"

እውነቷን ነው። ባለሱቁን፣ ገበሬውን፣ ሐኪሙን ሳይቀር "ሥራ ይብዛልህ" ብለን እንመርቃለን። እድር ብቻ ነው ሥራ በማጣት የሚመረቀው። እኔም ይሄን አውቃለሁ፤ ሃምሳ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ማሽን ሲነግረኝ ግን የማውቀውን ረሳሁት። ስለዚህ ግጥሙን ራሳችን እንጻፍ ተባለ። "ራሳችን" ማለት አልማዝ ትላለች፣ እኔ እስክሪብቶ እይዛለሁ ማለት ነው፦

"እድራችን እድራችን ሥራ ፈት ያድርግሽ፣
ጥሩምባሽ ይዛግ፣ ፈላጊ አይኑርሽ።
ዝናብ ሲጥልብን፣ ጉሙ ሲሸፍነን፣
ተክሌ ሰፊው ነበር ድንኳን ያለበሰን።"

ጋሽ በቀለ ሲሰሙት "አሜን!" አሉ። ለዘፈን ግጥም አሜን ሲባል የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን የቀረው ዜማው ነበር። ጋሽ በቀለና ጋሽ ሰይድ ሊሰሙ ቤቴ መጥተው ተቀመጡ። ግጥሙን ሰጥቼ "ሞቅ ያለ የሸዋ ዘፈን አድርገው" አልኩት። መጀመሪያ የመጣው ሰውዬ አማርኛ በሳምንት የተማረ ፈረንጅ ነው የሚመስለው። "ጠ" ያለበት ቦታ ሁሉ ምላሱ ይንሸራተታል። "እድራችን"ን "ዒድራቻን" እያለ ሲደጋግመው ጋሽ ሰይድ ፊታቸው በራ። "ስለ ዒድ ነው እንዴ የሚዘፍነው? አልሐምዱሊላህ፣ እኔ እኮ ስሙን ሳላውቀው ነው የተጠራጠርኩት" አሉ። ሁለተኛው የባሕር ዳርቻ ዘፈን የሚመስል ነገር ነው፤ እኛ ደግሞ ባሕር ቀርቶ ሜዳም የለን። ሦስተኛው ላይ አንዲት ሴት ግጥሙን ትታ ታቃስታለች። ሰባተኛው ላይ ግን፣ እግዜር ይስጠው፣ ማሲንቆው ተነሳ፣ ከበሮው ገባ፣ ጉም የበላው የመሰለ ወፍራም የወንድ ድምፅ "እድራችን እድራችን" ሲል ሴቶቹ ተቀበሉት። አልማዝ ትከሻዋ ሲነቃነቅ በዓይኔ አየሁ። ተሳካ ብዬ ልነሳ ስል ሰውዬው እንዲህ አለ፦

"ተክሌ ሰፊው ነበር..."

አጥብቆ።

እዚህ ላይ ችግሬ በጽሑፍ የሚገለጽ አይደለም፤ ችግሩም ራሱ እሱ ነው። ፊደላችን ሁሉ ነገር አለው፣ ማጥበቂያና ማላሊያ ብቻ የለውም። "ሰፊ" ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው። ሲጠብቅ ግን እንደ ሜዳ የተንጣለለ ነገር ነው። እኛ ጋሽ ተክሌን ስለምናውቃቸው ምላሳችን በራሱ ያላላዋል። ማሽኑ የት ያውቃቸዋል! እናንተስ ብትሆኑ ይህን ስታነቡ በየትኛው እንደምታነቡት በምን አውቃለሁ?

"ተክሌ ማነው?" አለች አልማዝ፣ ትከሻዋ እንደቆመ። "ጋሽ ተክሌን ነው እንደዚህ ያሰፋቸው? ያንን ዘንግ?"

ጋሽ በቀለ ደግሞ በሌላ በኩል ነው የመጡት። "እኔ ሰፊው ሕዝብ ሲባል ነው የማውቀው። ሰፊው ተክሌ ሲባል አልሰማሁም። ይሄ ማሽን የደርግ ጊዜ ሰው ነው እንዴ?"

ለማሽኑ ነገሩን በትሕትና አስረዳሁት። "ልክ ብለዋል! ለተፈጠረው ስህተት ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ" አለና እንደገና አጠበቀው። መልሼ ነገርኩት፤ ከቅድሙ በበለጠ ይቅርታ ጠየቀና ከቅድሙ በበለጠ አጠበቀው። እንዲህ አድርጎ ይቅርታ የሚጠይቅ፣ እንዲህ አድርጎ የማይሻሻል ፍጡር አይቼ አላውቅም፤ ማለቴ፣ ከራሴ ሌላ።

"ሰ፣ ፊ፣ ው" ብዬ በነጠላ ሰረዝ ለያይቼ ጻፍኩ፤ እየቆመ እንደሚንተባተብ ሰው አለው። በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩ፤ ያን ጊዜ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ሥራቸውን ከነገርኩት ይገባዋል ብዬ "ልብስ ሰፊው ተክሌ" ስለው፣ ልብሳቸው ሰፊ የሆነ ሰው አደረጋቸው። "ድንኳን ሰፊው" ስለው ሰውየውን ድንኳን አሳከለልኝ። አልማዝ "በቃ 'የሰፋው ተክሌ' በለውና ተገላገል" አለች። አልኩት። አብረን ሰማነው።

"ቅድም ሰፊ ነበር" አለች፣ "አሁን ደግሞ ጭራሽ ሰፋ።"

ስሙን ቀይርና ሌላ ነገር በል እንዳትሉኝ። በከተማው ሌላ ተክሌ አለ፣ ባለ ወፍጮው። "ሰፊው" ካልተባለ ምስጋናው ሁሉ ወፍጮ ቤት ነው የሚሄደው። ባለ ወፍጮው ደግሞ እውነትም ሰፊ ነው፤ በሁለቱም ትርጉም ሳይሆን በአንዱ።

ጎረቤላ ጉም ሲወርድ ኔትወርኩም አብሮ ስለሚወርድ፣ አንድ ቀን ሙሉ ደብረ ብርሃን ሄጄ ስታገል ዋልኩ። ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አዲሶቹን ሙከራዎች በጆሮ ማዳመጫ እሰማለሁ። ከደብረ ብርሃን ወጥተን ብዙ ከሄድን በኋላ ሰው ሁሉ ለምን እንደሚያየኝ ገረመኝ። ለካ የማዳመጫው ገመድ ከስልኩ በደንብ አልገባም! እኔ ድምፁ አነሰ እያልኩ ስጨምር፣ ሚኒባሱ ሙሉ "ተክሌ ሰፊው"ን አሥራ ሁለት ጊዜ ሰምቷል።

"ወንድሜ፣ ሰውየው በውፍረት ነው የሞተው?" አለችኝ ከጎኔ የተቀመጠች፣ ሁለት ብርድ ልብስ ያቀፈች ሴት።

"ልብስ ሰፊ ነው" አልኳት።

"ልብሱማ ይስፋ፣ ምን ያድርግ!"

ከፊት የተቀመጡ አንድ መምህር ዞረው ስለ መጥበቅና መላላት ማስረዳት ጀመሩ። ከኋላ አንዱ ተቃወማቸው። ረዳቱ ገባበት። "ወራጅ!" እያሉ ቢጮኹም የሚሰማቸው ጠፍቶ ሁለት ሰዎች ከቦታቸው አልፈው ወረዱ። ጎረቤላ ስንደርስ ነገሩ በድምፅ ብልጫ ተወስኖ "ሲላላ ነው ልክ" ተባለ። እኔ ይሄን መቼ አጣሁት! የቸገረኝ ለማሽኑ የሚነግርልኝ ነው።

አንድ መላ ቀርቶኝ ነበር። ማሽኑ የሰው ድምፅ ቀድተው ከሰጡት እሱን ተከትሎ ይዘፍናል አሉ። የራሴን ድምፅ ቀድቼ ሰጠሁት። "በቀረጻው ውስጥ ዜማ አልተገኘም" ብሎ መለሰልኝ፤ አስተማሪዬ ትዝ አሉኝ። አልማዝን ለመንኳት፤ "የሰው ባል ስም በዜማ እየጠራሁ ጎረቤት ምን ይለኛል?" አለች። እንግዲህ ማን ቀረ? ስሙን ከማንም በላይ አስተካክለው የሚያውቁት ባለቤታቸው ናቸው ብዬ ወደ እትዬ አሰገደች ቤት ሄድኩ። ማሽኑ ባላቸውን ማወፈሩን ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ "ድምፅዎን ፈልጌ ነው" ብቻ አልኳቸው።

ስልኩን እንዲቀዳ ከፍቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ። የጋሽ ተክሌ የስፌት መኪና ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሳ ተቀምጣለች።

"ስማቸውን ብቻ ይበሉልኝ እትዬ። ተክሌ ሰፊው፣ በቃ።"

አፋቸውን ከፍተው ዘጉት። ነጠላቸውን አስተካከሉ። "አይሆንልኝም" አሉኝ።

"ለምን?"

"በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅማ! አርባ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን አልጠራኋቸውም፤ ነውር ነው በኛ ጊዜ። 'ኧረ ይሰማሉ ወይ?' ነው የምላቸው። በስማቸው የጠራኋቸው የቀበርናቸው ዕለት ነው።" ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለስልኩ ሳይሆን ለዚያች ለስፌት መኪና፦

"መርፌው ተቀምጧል ከጨርቁ ተሰክቶ፣
ምነው ተክሌ ሰፊው ዘገየብኝ ወጥቶ።"

እንዴት ያለ መላላት ነው! እንዲህ ላልቶ የተጠራ ስም ሰምቼ አላውቅም። ዓይኔን ጠራርጌ "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ወጣሁ። ይሄን ሁሉ ተሰምቶኝ ሳበቃ ግን፣ የኔ ነገር፣ ቤቴ ስደርስ ሙሾውን ለማሽኑ ሰጠሁት።

ማሽኑ ሙሾ ምን እንደሆነ አያውቅም። "ግሩም ዜማ ነው!" አለና ከበሮ ጨመረበት፣ ጭብጨባ ጨመረበት፣ በመሃሉ እልልታ ለቀቀበት። መርፌውም ባለቤቱም በጭፈራ ሄዱ። "ሰፊው" ላልቷል፣ ቃሉ ፍጹም ነው። አልማዝ ሰምታ ስትጨርስ አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። "ይሄን ሰው ፊት ብታሰማ፣ አንተ ሰው አይደለህም" አለችኝ። ሁለቱን ቃላት ብቻ ቆርጬ ልቀጥል ብዬ ሞከርኩ፤ በዘፈኑ መሃል አንዲት ሴት ድንገት ብድግ ብላ የምታለቅስ ይመስላል። አጠፋሁት። ሁሉንም አጠፋሁት።

የቀረን ያ ሰባተኛው፣ አጥባቂው ነው። በዓሉ ሳምንት ቀርቶታል። ለጋሽ በቀለና ለጋሽ ሰይድ እውነቱን ነገርኳቸው። ጋሽ በቀለ ዳኛ ናቸውና ዳኙት። "ድምፅ ማጉያው ላይ አንተ ቁም። ቃሉ ሲደርስ ድምፁን ቀንሰው። እኔና ሰይድ ጥሩምባ ነፊውን አያሌውን ጨምረን፣ በሰው አፍ አላልተን እንጠራዋለን። ተክሌን እኮ ያላወቅነው የለንም!" አሉ። እውነትም ብልሃት ነበር። ሳምንቱን በሙሉ በእድሩ ዕቃ ቤት፣ በብረት ድስቶቹ መሃል፣ ዘፈኑን እየከፈትን ተለማመድን። በቀን ሃያ ጊዜ ሳንሰማው አልቀረንም።

የበዓሉ ጠዋት አያሌው ሰው እንዲጠራ ተላከ። አያሌው ሃያ ዓመት ሙሉ የነፋት ጥሩምባ ለሞት ነው፤ አፉም ሌላ ቃል አያውቅ። "የሰማህ ላልሰማ አሰማ! አሮጌው ድንኳናችን አርፏልና ወደ ሜዳው እንድትወጡ!" ብሎ ለፈፈ። ሰዉ "አርፏል" የሚለውን ሰማ፣ የቀረውን መች ጠበቀ! ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢ ደርበው፣ አንዳንዱም ከሩቅ "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያለ መጣ። "ማን ነው የሞተው?" ቢሉት አያሌው "ማንም አልሞተም" ይላል። "ታዲያ ለምን ጠራኸን?" "ለደስታ።" አንዲት እናት "ምነው አያሌው፣ ልቤን በአፌ አወጣኸው እኮ!" ብለው ጋቢውን ይዘው ነቀነቁት። ነጠላ እስኪገለበጥ፣ ፊት እስኪታጠብ ግማሽ ሰዓት ሄደ።

እትዬ አሰገደችን ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። ከሁሉ ሰው ነጠላቸው በደስታ ወግ የተለበሰው የሳቸው ብቻ ነበር፤ ቀድመው ነው የመጡት። እኔ ከድምፅ ማጉያው ጀርባ ቆሜያለሁ። ሃምሳ ዓመት የሞላው እድሩ ነው፣ ላብ ያጠመቀኝ እኔ ነኝ። የሚያሳስበኝ ሌላ አልነበረም፤ የእኝህ ሴት አንድ ልመና በኔ እጅ እንዳይበላሽ ነው።

ዘፈኑ ተከፈተ። ማሲንቆው ሲነሳ ሰዉ ተያየ። "ሥራ ፈት ያድርግሽ" ሲል "አሜን!" ተባለ፣ ድንኳኑ ተናወጠ። ጉሙ ላይ ደረሰ። እጄን መቆጣጠሪያው ላይ አደረግሁ። "ሲሸፍነን..." ሲል አዞርኩት፣ ድምፁ ክው ብሎ ቀጥ አለ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በዘፈን ላይ ሰዓቴን ጠበቅሁ። ሦስቱ ሰዎች ትንፋሽ ሳቡ። ጋሽ በቀለ አርባ ዓመት አብረዋቸው የኖሩ፣ ጋሽ ሰይድ ሱሪያቸውን ያሰፉ፣ አያሌው መርዷቸውን የነፋ፣ ሦስቱም በአንድ ድምፅ፦

"ተክሌ ሰፊው!"

አጥብቀው። ሦስቱም! ከማሽኑ አስበልጠው!

ሳምንት ሙሉ ማሽኑን ሲሰሙ ከርመው ምላሳቸው ተሰርቋል። እኛ ለሱ አማርኛ ስናስተምር እሱ ለኛ አስተምሮን ቁጭ። ከኋላ አንዱ "ተክሌ መቼ ወፈረ?" ሲል ሳቁ እንደ ጎርፍ ወረደ። ሰው በሰው ላይ እየተደገፈ ሳቀ። ጋሽ በቀለ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ጋሽ ሰይድ "አስተግፊሩላህ" አሉ። እኔ ዘፈኑን አጠፋሁትና መሬት ብትከፈት ምን ነበረበት እያልኩ እትዬ አሰገደችን አየሁ።

አይስቁም። እጃቸውን አንስተው ጠሩኝ። ሄጄ ጎንበስ አልኩ።

"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ማሽኑ ማላላት እምቢ ብሎኝ ነው። ሦስት ሳምንት ለፋሁ..."

"ምን ነው ያለው?"

"ሰፊ። ትልቅ፣ ወፍራም እንደማለት..."

"ድገመው።"

"ኧረ እትዬ፣ ይቅርብን..."

"ድገመው አልኩህ!"

ድምፁን ሳልቀንስ ከጉሙ ጀምሬ ለቀቅሁት። ያ ወፍራም ድምፅ "ተክሌ ሰፊው ነበር ድንኳን ያለበሰን" አለ፣ አጥብቆ፣ ያለ ኃፍረት። ሰዉ እሳቸውን ያያል። እትዬ አሰገደች ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና ሲከፍቱት እንባም ሳቅም አብሮ ወጣ።

"እሳቸው እኮ" አሉ፣ ለኔ ሳይሆን ለሰዉ፣ "የሰው ሱሪ ሲያሰፉ ኖረው፣ አንድ ቀን ጠግበው ሳይበሉ እንደ ክር ቀጥነው ነው የሞቱት። ዛሬ ካሰፋቸው ይስፉልኝ! ምን አለበት? ማንም እንዳይነካው። እዚህ ዘፈን ውስጥ እንኳ ትንሽ ሰፋ ብለው ይቀመጡልኝ።"

ጋሽ በቀለ ከጥግ አንድ ከበሮ አንስተው መቱ። ሰዉ ተነሳ። ግማሹ እያላላ፣ ግማሹ እያጠበቀ፣ "ተክሌ ሰፊው! ተክሌ ሰፊው!" እያለ በድንኳኑ ውስጥ ዞረ። እትዬ አሰገደችም ተደግፈው ተነሱና ከሰዉ ጋር ባላቸውን በስማቸው ጠሩ።

አጥብቀው ነበር የጠሩት።